መንደር ሲቀየስ የዱር እንስሳት ቦታ እንዴት ይተርፋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ የመኖሪያ ሰፈር ቅየሳ ነው። ከአልሚዎች፣ ቤት ለመግዛት ከተመዘገቡ ሰዎች፣ አሜሪካ ካሉ ዘመዶቼም ጭምር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣልኛል፤ ለመጥፋት የተቃረበ እንስሳ ባለበት መሬት ላይ መንደር መሥራት ይቻላል ወይ? ከተቻለስ መሬቱ እንዴት ይሸነሸናል? መልሶቼን እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ። አብዛኛው ምሳሌ የአሜሪካ ነው፤ ሕጉም ሙከራውም ስሕተቱም እዚያ ከ40 ዓመት በላይ ተመዝግቦ ስለሚገኝ። የአገራችን ነገር ወደ መጨረሻው ይመጣል። “ዓ.ም.” ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነባር ዛፎቹን ሳንቆርጥ በየግቢው ብንተዋቸው አይበቃም?

አይበቃም። ከሁሉ የተለመደው ስሕተት ስለሆነ ነው ያስቀደምኩት። አልሚው “አረንጓዴ መንደር” ብሎ ሰፋፊ ግቢ ይሸነሽናል፣ በየግቢው ሁለት ሦስት ነባር ዛፍ ይተዋል፤ ከላይ በተነሣ ፎቶ ሲታይ ጫካ ይመስላል። በውስጡ ለምትኖረው ወፍ ግን ጫካው አልቋል።

የቴክሳሷን ጉንጨ ወርቃማ ወፍ እንውሰድ። በዓለም ላይ የምትራባው በማዕከላዊ ቴክሳስ ብቻ ነው። ጎጆዋን የምትሠራው ካረጀ ጥድ ላይ ተልጦ በሚንጠለጠል ልጥ ነው፤ ልጡን በሸረሪት ድር እያያያዘች ትገምደዋለች። ጥዱ የእኛው የሐበሻ ጥድ ዘመድ ነው፣ ልጡም እንደዚያው በረጅሙ ይላጣል። ነገር ግን ዛፉ እስኪያረጅ ድረስ እንዲህ አይላጥም፤ ስለዚህ “የቆረጥነውን በችግኝ እንተካለን” የሚለው ቃል ለዚህች ወፍ ለብዙ አሥርት ዓመታት ምንም አይፈይድላትም። አሮጌው ጥድ በቤቶች መሀል ቢተርፍ እንኳ ሌላ መከራ አለ፤ ሰው ባለበት የሚበዙት ጄይ የሚባሉ ደፋር ወፎች እንቁላሏንና ጫጩቶቿን ይለቅሙባታል። እሷ የሚያስፈልጋት ዳሩ ጥቂት፣ ሆዱ ሰፊ የሆነ ጫካ ነው።

ሒሳቡን በእኛ ልክ እናስላው። 10 ሄክታር መሬት አለ፣ 100 ቤት ይሠራበታል እንበል። ለእያንዳንዱ 750 ካሬ ብንሰጥ 7.5 ሄክታር በግቢ ያልቃል፤ ቀሪውን መንገድ፣ ቦይና መታጠፊያ ይበላዋል። ለእንስሳ የሚቀር የለም። ያንኑ 100 ቤት በ300 ካሬ አሰባስበን ብንሠራው ግቢዎቹ 3 ሄክታር ይሆናሉ፣ ቤቶቹ ስለተጠጋጉ መንገዱም ያጥራል፤ ከመሬቱ ከግማሽ በላይ ሳይነካ በአንድ ላይ ይቀራል። የቤቱ ቁጥር አልቀነሰም። ብዙ ሰው “ጥበቃ” ሲባል የቤት ቁጥር መቀነስ ይመስለዋል፤ ቁልፉ ግን ቤቶቹን ማቀራረብ ነው።

ታዲያ ንድፉ ከየት ይጀምራል?

ከሚተርፈው። በተለመደው አሠራር ቀያሹ ባዶ ወረቀት ላይ መጀመሪያ መንገድ ያሰምራል፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ፓርሴል፣ ማለትም ለየቤቱ የሚሆን ቁራጭ መሬት፣ ይቆርጣል፤ ገደልና ጎርፍ መውረጃ ሆኖ ቤት ያልወጣውን ትርፍራፊ መጨረሻ ላይ አረንጓዴ ይቀባዋል። እኔ ራሴ በአንድ ፕሮጀክት ላይ እንዲህ ያለ ሳይት ፕላን ይዤ መሬቱን በእግሬ ዞሬዋለሁ። “የተፈጥሮ ጥበቃ” ተብሎ የተቀባው በሙሉ ፍየል የማይቆምበት ገደል ነበር፤ ውኃው፣ ሣሩና የእንስሳቱ ዱካ ያለበት ለጥ ያለው ሜዳ ደግሞ “ብሎክ 3” ሆኗል። ያን ቀን ያዘንኩት እስካሁን አይረሳኝም፤ እርሳሱን የያዙት የሙያ ጓደኞቼ ነበሩና።

አሜሪካዊው ቀያሽ ራንዳል አሬንት በ1990ዎቹ ያስፋፋው አሠራር ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። መጀመሪያ የሚጠበቀው ቦታ ይለያል። ሁለተኛ ቤቶቹ የት የት ቢቀመጡ እንደሚያምርባቸውና ጉዳት እንደማያመጡ ይታያል። ሦስተኛ ቤቶቹን የሚያገናኝ መንገድና የእግር መተላለፊያ ይሰመራል። የፓርሴል ድንበር የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን ብዙ ይለውጣል፤ ምክንያቱም መንገድ አንዴ ከተሰመረ በኋላ መንገዱን ለማንሣት የሚደፍር ሰው አይገኝም።

እኔ አንድ ነገር እጨምርበታለሁ፤ የጎረቤትን ካርታ አብሮ መዘርጋት። ያተረፉት 5 ሄክታር ከጎረቤቱ ደን ጋር ከተገጣጠመ ትልቅ ነገር ነው። በሦስት ወገን በአጥር ከታነቀ ግን የመንደሩ ጓሮ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ነገር መጀመሪያ የተሞከረው የት ነው? ውጤቱስ?

ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ ባለው በሳን ብሩኖ ተራራ። ታሪኩን ዘርዘር አድርጌ ልናገረው፣ ከስኬቱም ከድካሙም ብዙ ስለተማርኩበት።

ተራራው ዙሪያውን በከተማ የተከበበ ደሴት ነው። በ1960ዎቹ አናቱን ቆርጦ በአፈሩ የባሕር ወሽመጡን ለመሙላት ታስቦ ነበር። ያ ሲከሽፍ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ሊሠሩበት ተባለ። የአካባቢው ነዋሪዎች ተሟገቱ፤ በ1976 ደግሞ ሚሽን ብሉ የምትባል ትንሽ ሰማያዊ ቢራቢሮ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ገባች። አባጨጓሬዋ ሌላ ቅጠል አትቀምስም፤ የምትበላው ሉፒን የሚባል ተክል ብቻ ነው። ሉፒን ማለት ጎጃም የሚበቅለው የእኛው ግብጦ ወገን ነው። ግብጦ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ይገባዋል፤ ሌላ ሰብል በማይቀበል ገላጣ መሬት ላይ ይበቅላል፣ ጥላና ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ግን ያጠፋዋል።

አልሚዎች፣ ከተሞችና የተቃወሙት ነዋሪዎች ከረጅም ድርድር በኋላ በ1982 ተስማሙ። ቤቶቹ በተወሰነ ክፍል ይሠራሉ፣ ከቢራቢሮዋ መኖሪያ አብዛኛው ለዘለዓለም ይጠበቃል፣ እያንዳንዱ አዲስ ቤት ደግሞ ለተራራው እንክብካቤ በየዓመቱ 20 ዶላር ይከፍላል፤ ክፍያው ከኑሮ ውድነት ጋር እያደገ ይሄዳል። የአሜሪካ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን የሚጠብቀውን ሕግ ሲያሻሽል ይህን ስምምነት ናሙና አድርጎ ወሰደው። “የመኖሪያ ጥበቃ ዕቅድ” የሚባለው አሠራር በመላ አገሪቱ የተስፋፋው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ቢራቢሮዎቹ አሁንም ተራራው ላይ አሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሁለት ችግር ገጠመ። አንደኛ፣ የተጠበቀው መሬት ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ድሮ እሳትና የከብት ግጦሽ ሣሩን ገላጣ አድርገው ያቆዩት ነበር። ሁለቱም ሲቀሩ ቁጥቋጦና ጎርስ የሚባል እሾሃማ መጤ ተክል ሣሩን እየወረሰ መጣ፤ በዓመት የሚሰበሰበው ገንዘብ ደግሞ ያን ሁሉ ለመመንጠር አልበቃም። ሁለተኛ፣ በ1997 ሌላ ቢራቢሮ፣ ካሊፔ፣ ወደ ዝርዝሩ ገባች። በስምምነቱ መሠረት የተሰጠው የመጀመሪያው ፈቃድ እሷን አያውቃትም ነበርና ለቀሪው ግንባታ ፈቃዱ እንደገና መከፈት ነበረበት፤ ከዚያ ጋር ለተራራው ቋሚ ፈንድ ተጨመረ።

እኔ ከዚህ የወሰድኩት፣ አጥር አጥሮ ሰሌዳ መትከል የሥራው ግማሽ እንኳ አለመሆኑን ነው። አልሚው ቤቱን ሸጦ ሲሄድ መሬቱን ማን ይንከባከባል፣ በምን ገንዘብ? ይህ መልስ ያላገኘበት ሳይት ፕላን ቢያምርም አልፈርምበትም።

የእንስሳው መኖሪያ የት ላይ እንደሚያበቃ በምን ይታወቃል?

እንስሳው ከታየበት ቦታ አያበቃም። መልሱን ከበረሃና ከዋሻ ላምጣው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ በኮቼላ ሸለቆ፣ ፓልም ስፕሪንግስ አጠገብ፣ ጣቶቿ ዳር ላይ እንደ ዘርፍ ያለ ቅርፊት ያላት እንሽላሊት አለች። ያ ዘርፍ በልል አሸዋ ላይ ሳትሰምጥ እንድትሮጥ ይረዳታል፤ አደጋ ስታይ አሸዋው ውስጥ ትጠልቃለች። በ1986 በወጣው ዕቅድ የሚገነባ ሁሉ ለአንድ ኤከር 600 ዶላር እየከፈለ፣ በገንዘቡ የአሸዋ ክምሮቹ ተገዝተው ተጠበቁ። ግን አሸዋ ይንቀሳቀሳል። ጎርፍ ከተራራ ያወርደዋል፣ ነፋስ ይነዳዋል፣ የቆየው ሲሄድ አዲስ ይተካዋል። ከነፋሱ መምጫ በኩል መንደር ከተሠራ ወይም የንፋስ መከላከያ ዛፍ ከተደረደረ ምንጩ ይዘጋል፤ የተጠበቀው ክምር እየጠነከረና እየደረቀ ይሄዳል፣ እንሽላሊቷም መጥለቂያ ታጣለች። ስለዚህ ክምሩን ብቻ ሳይሆን የአሸዋውን መንገድ ሁሉ መጠበቅ ግድ ሆነ። በኋላ፣ በ2008፣ 27 ዝርያዎችን የሚያቅፍ ሰፊ ዕቅድ መጣ።

ዋሻውም እንደዚሁ ነው። በቴክሳስ፣ በኦስቲን ከተማ ዳርቻ፣ በኖራ ድንጋይ ዋሻዎች ውስጥ ዓይን የሌላቸው ሸረሪቶችና ጥቃቅን ነፍሳት ይኖራሉ። ብርሃን በሌለበት ምግብ ከየት ይመጣል? አንዱ መንገድ የዋሻ ፌንጣ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ወጥቶ ከዋሻው አፍ እስከ 100 ሜትር አካባቢ ርቆ ይመገብና ሲመለስ ኩሱና እንቁላሉ ለሌሎቹ ቀለብ ይሆናል። የዋሻውን አፍ በብረት አጥሮ ዙሪያውን አስፋልት ማድረግ እንግዲህ ጎተራውን ቆልፎ እርሻውን መሸጥ ነው። ከላይ ሰርጎ የሚገባው ውኃ የሚሰበሰብበት መሬትም ከመኖሪያው ይቆጠራል።

ስለዚህ ሁልጊዜ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፤ ምግቡ ከየት ይመጣል? ውኃው ከየት ይፈሳል? ጫጩቱ ወይም ግልገሉ ሲያድግ ወዴት ይሄዳል?

የእንስሳት ጥናቱ መቼ ይደረግ?

እንስሳው ባለበት ወቅት። ይህ ግልጽ ይመስላል፤ ግን ስንት ሪፖርት በዚህ ተበላሽቷል። የቴክሳሷ ወፍ መጋቢት ላይ መጥታ በሐምሌ ገደማ ወደ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ትመለሳለች፤ በታኅሣሥ ጫካውን የዞረ ባለሙያ “አላየሁም” ቢል አልዋሸም፣ ግን ምንም አላረጋገጠም። ወንዶቹ በሚዘምሩበት ከመጋቢት ጀምሮ ባለው ጊዜ፣ በማለዳ፣ ደጋግሞ መሄድ ያስፈልጋል። ፕሮጀክቱ አንድ ወቅት ካለፈው አንድ ዓመት ይዘገያል ማለት ነው። አልሚዎች የሚበሳጩበት እዚህ ላይ ነው፣ እረዳቸዋለሁም፤ ለዚህ ነው ጥናቱ ከንድፉ በፊት መጀመር ያለበት።

ይህን መሬት ገንብተን በምትኩ ሌላ ቦታ ብንጠብቅስ?

አንዳንዴ የተሻለ ይሆናል። ኦስቲን ከተማና ትራቪስ ካውንቲ በ1996 ያገኙት የ30 ዓመት ፈቃድ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። እያንዳንዱ አልሚ በየመሬቱ ላይ ቁራጭ ጫካ ከሚተው፣ ለጋራ ቋት ገንዘብ ይክፈልና ቢያንስ 30,428 ኤከር የተያያዘ መሬት ይጠበቅ ተባለ። በእኛ ስፍር ከ300 ጋሻ በላይ ነው። የኦስቲን ሕዝብ ቀድሞ፣ በ1992፣ ለመሬት መግዣ 22 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ በድምፁ አጽድቆ ነበር። ከተሜው ለወፍና ለዓይን የለሽ ሸረሪት ግብር ልክፈል ብሎ ድምፅ መስጠቱን ሳስብ ዛሬም ልቤ ይነካል።

ነገር ግን ይህ የሚሠራው ምትክ መሬቱ አንድ ዓይነት መኖሪያ ሲሆን፣ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ሲገዛ፣ ባይጠበቅ ኖሮ ሊገነባበት የሚችል መሬት ሲሆን ነው። ማንም ቤት የማይሠራበትን ገደል “በምትኩ ጠበቅን” ማለት ምትክ አይባልም። እንስሳው የቀረችው አንዲት ቦታ ብቻ ከሆነች ደግሞ ምትክ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም፤ ያ ቦታ አይነካም።

ሰዎች ቤት ገብተው መኖር ሲጀምሩስ?

ንድፉ ያኔ ይፈተናል። ሰው ብቻውን አይመጣም፤ ውሻ፣ ድመት፣ መብራት፣ መኪና፣ የአበባ ችግኝ ይዞ ይመጣል።

ድመት ቤት ውስጥ ትኑር የሚል ደንብ በመተዳደሪያው ውስጥ ሲገባ ሰዎች ይስቃሉ። ግን ጫጩት በሚፈለፈልበት ጫካ ዳር የተለቀቀች አንዲት ድመት ምን እንደምታደርግ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል። መብራትን በተመለከተ ፍሎሪዳ ጥሩ ትምህርት ቤት ናት፤ ከእንቁላል የወጡ የባሕር ኤሊ ግልገሎች ወደሚያበራው አድማስ ስለሚሄዱ የባሕር ዳር ቤቶች መብራት ወደ ባሕሩ ሳይሆን ወደ ደረቁ መሬት ይስባቸዋል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ መብራቱን ዝቅ ማድረግ፣ ወደ ታች መጋረድ፣ ቀለሙን ወደ ቢጫ ቀይ መቀየር። በዚያው በፍሎሪዳ፣ ቢግ ፓይን ኪ በምትባለው ደሴት፣ ትንንሾቹ ኪ አጋዘኖች በመኪና እየተገጩ ሲያልቁ በዋናው መንገድ ዳር አጥር ተሠርቶ ከሥሩ መሿለኪያ ተከፈተላቸው።

የዛፍ ነገር ግን ከሁሉ ይገርመኛል። ወደ ኮቼላ እንመለስ። መንደሮቹ ለጌጥ ዘንባባ ተከሉ። ጭልፊቶች ከዚህ በፊት በረሃው ላይ መቀመጫም መጎጆያም አልነበራቸውም፤ ዘንባባው ላይ ሠፍረው ከመንደሩ አጥር ማዶ፣ በተጠበቀው መሬት ላይ፣ ባለቀንድ እንሽላሊቶችን ማደን ጀመሩ። በአጥሩ ዳር ባለ ሰፋ ያለ ቀጠና ላይ እነዚህ እንሽላሊቶች ጠፉ። ዛፍ መትከል ሁልጊዜ በጎ ሥራ ነው ብለን ላደግን ሰዎች ይህ ለመቀበል ይከብዳል። ቦታው የሜዳ እንስሳ ቤት ሲሆን፣ ዛፍ መትከል ያን ቤት ማፍረስ ሊሆን ይችላል።

በንድፍ በኩል የማደርገው ይህ ነው፤ ከቤቶቹና ከተጠበቀው ቦታ መሀል መንገድ ወይም የእግር መሄጃ አስገባለሁ፣ የማንም ጓሮ በቀጥታ ከጥበቃው ጋር እንዳይዋሰን። ጓሮ ከተዋሰነ መጀመሪያ የሣር ቁራጭ ይጣላል፣ ቀጥሎ ትንሽ በር ይከፈታል፣ በዓመቱ አጥሩ ሁለት ሜትር ገፍቶ ይገኛል። መንገድ ሲሆን ግን ሁሉም ያያል፣ ማንም አይገፋም። እሳት ቢነሣም መንገዱ መከላከያ ነው።

አልሚው አይከስርም?

የግድ አይከስርም። መንገዱ ሲያጥር አስፋልቱ፣ የውኃ ቧንቧው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ የፍሳሽ ቦዩ አብረው ያጥራሉ። የሚያወጣው በጥናቱና በመዘግየቱ ነው፤ የሚያጣው ደግሞ ሰፊ ግቢ የሚፈልገውን ገዢ። አስቀድሞ ያላሰበበት አልሚ ግን ግሬደር መሬት ላይ ካወረደ በኋላ ሥራው በፍርድ ቤት ሲቆምበት የሚያጣው ከዚህ ሁሉ ይበልጣል።

አሜሪካ ቤት ልገዛ ነው። ሕጉ እኔን ምን ያገባዋል?

ያገባዋል። በ1973 የወጣው የአሜሪካ ሕግ በዝርዝሩ ውስጥ ያለን እንስሳ መግደልም ሆነ መጉዳት በግል መሬት ላይም ጭምር ይከለክላል፤ እያወቀ የተላለፈ እስከ 50,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስራት ሊያስቀጣው ይችላል። መኖሪያውን ክፉኛ ማበላሸትም ከመጉዳት እንደሚቆጠር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1995 አጽንቶታል፤ በ2025 ግን የፌዴራል መንግሥቱ ይህን ትርጓሜ ለመሰረዝ ሐሳብ አቅርቧል፤ ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የወቅቱን ደንብ ያጣሩ። አልሚው ጉዳቱን በተቻለ መጠን ቀንሶ፣ የቀረውን አካክሶ፣ ለዚህም ገንዘብ መኖሩን አሳይቶ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል፤ ከሳን ብሩኖ የመጣው አሠራር ይህ ነው።

ለገዢ የምመክረው አጭር ነው። ከመፈረምዎ በፊት በይዞታው ላይ የተመዘገበ የጥበቃ ግዴታ እንዳለ ይጠይቁ፤ ይህ ግዴታ ከመሬቱ ጋር የሚሄድ ስለሆነ ቤቱን የገዛ ሁሉ ይወርሰዋል። ኤችኦኤ የሚባለው የቤት ባለቤቶች ማኅበር መተዳደሪያ ስለ ድመት፣ ስለ አጥር፣ ስለ ውጭ መብራትና ስለ ተክል ምን እንደሚል ያንብቡ። ዓመታዊው መዋጮ ለተጠበቀው መሬት እንክብካቤ ስንት እንደሚሰጥም ይጠይቁ። ከኋላ ያለውን ጫካ “ማንም የማይነካው” ብሎ የሸጠልዎ ደላላ ቃሉን በሰነድ ያሳይዎ። ጓሮ ጤና አዳምና ጌሾ ለመትከል ያሰበ ሐበሻ ምንም አይቸገር፤ ከአጥሩ ማዶ እስካልተሻገረ ድረስ።

በኢትዮጵያ ይህ ሊሠራ ይችላል?

ይችላል፣ እንዲያውም በአንድ በኩል ለእኛ ይቀላል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ከተማው ለሪል እስቴት ቦታ ሲሰጥ ምን እንደሚገነባና ምን እንደሚተርፍ በሊዝ ውሉ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማም በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ከሕጋችን ገብቷል። የሚከብደው ሌላ ነው፤ “ክፍት ቦታ” ተብሎ የተተወ ሁሉ በእኛ ከተሞች ባለቤት እንደሌለው ይቆጠራል፤ ዛሬ የድንጋይ መከመሪያ፣ ነገ የመኪና ማጠቢያ ይሆናል። ስለዚህ የተተወው ቦታ ስም፣ ካርታና ተጠሪ ሊኖረው ይገባል።

ሦስት ቦታ በተለይ ያሳስበኛል። አንደኛው ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ያለው የሱሉልታ ሜዳና በዙሪያው ያሉ ጨፌዎች ናቸው። ነጭ ክንፍ ያላት፣ ሣር ውስጥ ለውስጥ የምትሹለከለክ ትንሽ የረግረግ ወፍ በዓለም ላይ ከ250 አትበልጥም ተብሎ ይገመታል፤ የምትራባባቸው ከሚታወቁት ጥቂት ስፍራዎች ዋነኞቹ በዚህ የሸዋ ደጋ ላይ ያሉ ጨፌዎች ናቸው። የምትፈለፍለው በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጨፌው ውኃ ሲያቁርና ሣሩ ከጉልበት ሲደርስ ነው። ቀያሽ መሬት የሚለካው ግን መቼ ነው? ጥር ላይ፣ ጭቃው ደርቆ መኪና ሲገባ፣ ሣሩ ተግጦና ታጭዶ። ያን ጊዜ ጨፌው ለቤት የተመቸ ሜዳ ይመስላል፣ ወፍ የለም ተብሎም በቅን ልቦና ይጻፋል። በእንዲህ ያለ ቦታ የክረምት ጥናት የሌለው ሪፖርት መቀበል የለበትም።

ሁለተኛው ባሌ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 ያነሰ ነው የቀረው፣ ከግማሽ በላዩም ባሌ ተራሮች ላይ ይኖራል። ከጥይትም ከረሃብም በላይ ደጋግሞ የፈጀው ከሰው ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ወረርሽኝ ተነሥቷል። በፓርኩ ዙሪያና ውስጥ ባሉ መንደሮች ላይ አንድ ቤት ሲጨመር በአማካይ ውሻም ይጨመራል። ስለዚህ እዚያ የሰፈር ዕቅድ ማለት የመንገድ ስፋት ብቻ አይደለም፤ ውሾች መከተባቸውና ሌሊት መታሰራቸው ከዕቅዱ ጋር መጻፍ አለበት።

ሦስተኛው በራሳችን ጣራ ላይ ያለ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ጥንብ አንሳን በቄራ ሰማይ ላይ በየቀኑ ስለሚያየው ብዙ ይመስለዋል፤ ሁለት የምናውቃቸው ዝርያዎች ግን በ2015 በዓለም አቀፍ ደረጃ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተመድበዋል። አንዱ ጎጆውን የሚሠራው በረጃጅም ዛፎች ላይ ነው። ሰፈር ሲታደስ ጎጆ ያለበትን ዛፍ ለይቶ ማትረፍና የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹን ክንፍ እንዳያነካኩ አድርጎ መሥራት ከግንባታው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ይህን የምለው በተግባር ሲደረግ ባለማየቴ እየቆጨኝ ነው።

የተጠበቀው ቦታ ላይ ልጆች መግባት ይችላሉ?

አብዛኛውን ጊዜ አዎ፣ በተወሰነ መንገድና በተወሰነ ወር። መፈልፈያ ወራት ላይ የውስጡ መንገድ ይዘጋል፣ የዳሩ ክፍት ይሆናል። ውሻ በገመድ። እኔ ንድፍ ስሠራ ከመንደሩ ጫፍ ላይ አንዲት ከፍ ያለች መቀመጫ ሁልጊዜ አስገባለሁ፤ ልጆች ማለዳ ወጥተው በዓይናቸው እንዲያዩ፣ ወፉን በስሙ እንዲያውቁት።